ነጩ ጋውን

በትምህርት ጎበዝ መሆን መዘዝ አለው። ሌላው ተማሪ ምን መሆን እንደሚፈልግ ይጠየቃል፤ ጎበዙ ግን ይነገረዋል። እኔ አሥረኛ ክፍልን ጨርሼ መሰናዶ ስገባ መንግሥት ሳይንስ ሳይንስ ይል ነበር፤ ከተማችን ሶዶም ተከትላው ናቹራል ናቹራል ትላለች። ሶሻል የገባ ልጅ ካለ "ምን ነካው?" ይባላል፣ ልክ እንደታመመ። ውጤቴ ጥሩ ስለነበር መምህራኑ ናቹራል አሉ፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ዶክተር እንድሆን ጸለዩልኝ፤ ሻንቶ የምትኖረው አክስቴ ጉልበቷን እንዳክማት ከወዲሁ ቀጠሮ ያዘች። ሐሳቡን ያልተጠየቀ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔ ደግሞ ሰው ፊት አፌ አይፈታም። ናቹራል ገባሁ።

ለእናንተ እውነቱን ልንገራችሁ። የምወደው ታሪክና ልብ ወለድ ነው። ፊዚክስ ላይ ጥሩ ውጤት የማመጣው ስለምፈራው ነበር። የደሙን ነገርማ ተዉት፤ ዶሮ ሲታረድ እንኳ ጎረቤት ቤት ነው የምደበቀው። ትምህርት ቤት፣ ሐሳቡን የለወጠ እስከ ዓርብ መቀየር ይችላል ተባለ። ከሰኞ ጀምሮ ለአባቴ ልነግረው አፌን እከፍትና "ውሃ ልቅዳልህ?" ብዬ እዘጋዋለሁ። አባቴ በዚያ ሳምንት ብዙ ውሃ ጠጣ።

አባቴ ገበያው አጠገብ ልብስ ሰፊ ነው። ሲቆጣ በአማርኛ፣ ሲራራ በወላይትኛ ይናገራል። አማርኛው ማኅተም የተመታበት ይመስላል።

ሐሙስ ዕለት በሱቁ በኩል እንዳልፍ አዘዘኝ። ለካ ነጭ ጋውን ሰፍቶልኝ ኖሯል። "ታድግበታለች" ተብሎ በጣም ሰፋ ያለ፣ ደረቱ ላይ የእስክሪብቶ ኪስ ያለው፣ እጅጌው ጣቶቼን የሚውጥ። ባለሥጋ ቤቱ ጋሽ ዳናም የራሳቸውን የሥራ ጋውን ሊያሰፉ አግዳሚው ላይ ተራ ይጠብቃሉ። አባቴ ተንበርክኮ ዘርፉን በመርፌ ሊይዝልኝ ሲል ጣቱን ወጋውና ነጩ ላይ ደም ጠብ አለች። የምስር ፍሬ አታክልም። እኔ ግን ግድግዳው ሲሄድ አየሁ።

ስነቃ አግዳሚው ላይ ነኝ። ጋሽ ዳና በጋዜጣ እያራገቡኝ፣ "ታዲያ ይቺን ዶክተር ማን ሊያክማት ነው?" ይላሉ።

አባቴ ጣቱን እንደመጠጠ ትኩር ብሎ አየኝና "ደም ትፈሪያለሽ እንዴ?" አለኝ። በአማርኛ። ውሃ ልቅዳልህ እንዳልል ውሃው አሁን የተቀዳው ለእኔ ነው።

"አባዬ፣ እኔ ሶሻል ነው የምፈልገው። መቀየር የሚቻለው እስከ ነገ ነው።"

አባቴ ጋውኑን ከትከሻዬ ላይ አውልቆ ሁለቴ አጠፈው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "ታዲያ ጨርቁን ሳልቆርጠው አትነግሪኝም ነበር?" አለኝ።

በወላይትኛ።

እንደዚያ ሐሙስ አየር በደንብ የሳብኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ዓርብ ጠዋት ቀየርኩ። አክስቴ ትንሽ አኮረፈች፤ ጉልበቷን ጤና ጣቢያ አሳየችና ተሻላት። ጋውኑንም ጋሽ ዳና ለኩት፤ ለእኔ የሰፋው ለእሳቸው ልክ ሆነ።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ስመለስም ጋውኑን እሳቸው ሥጋ ቤት አገኘሁት፤ ቁርጥ ሲቆረጥ፣ እጅጌው እስከ ክርን ደም በደም ሆኖ። በዚያ ጋውን የተነሳ ደንበኞቹ ዛሬም ጋሽ ዳናን "ዶክተር" ይሏቸዋል። የዚያ ሁሉ ሰው ጸሎት ባዶ አልቀረም፤ አድራሻ ብቻ ነው የሳተው።