ጋሽ ቀስበሉ ቦረቦር የወረዱ ዕለት

ሞትን ከሁሉ ቀድሞ የሚያይ አንድ ሰው የሌለበት ቤተሰብ የለም። ምግብ ሲቀርብ ያሸታል፤ መሰላል ሲቆም ይነቀንቃል፤ ሕፃን ሲስቅ «ይህ ሳቅ በደህና ያልፋል ብላችሁ ነው?» ይላል። እናንተም ቤት አይጠፋም። ከጠፋም ምናልባት እናንተው ናችሁ።

ጋሽ ቀስበሉ የዚህ ወገን አለቃ ነበሩ። ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። ደረጃ ለሚወርድ «ቀስ በሉ»፣ ሾርባ ለሚጠጣ «ቀስ በሉ»፣ ሙሽሮች ሊስሟቸው ጎንበስ ሲሉ ሳይቀር «እንኳን ደስ አላችሁ፤ ግን ቀስ በሉ» ይላሉ። ሠላሳ ዓመት በሳሙና ፋብሪካ ቦይለር ክፍል ውስጥ ከአንዲት የግፊት መለኪያ ፊት ቆመው ኖረዋል። መርፌዋ ቀዩን መስመር አንድም ቀን አላለፈችም። ሌላው ሰው ይህንን «ምንም አልተፈጠረም» ይለዋል። እሳቸው ግን «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰፈሩን ከሞት አተረፍኩት» ነው የሚሉት። ጡረታ ሲወጡ ፋብሪካው ቦይለሩን አስቀረ፤ ፍርሃቱን ግን ጠቅልለው ይዘውት ወደ ቤት መጡ።

ቤት ደግሞ ሥራ ጠበቃቸው። ባለቤታቸው ጓሮ ውስጥ የሚበቅል ነገር ሲባክን ማየት የማይወዱ ሴት ናቸው። ቲማቲሙ ሲደርስ ቀቅለው በጠርሙስ ይከድኑታል፤ ካሮቱንና ቃሪያውን በኮምጣጤ ይዘፈዝፉታል፤ የተረፈውን ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። ከኩሽናው ጀርባ ያለችው ጠባብ ዕቃ ቤት ከወለል እስከ ጣሪያ ጠርሙስ ነች። ጋሽ ቀስበሉ ጠዋት ጠዋት መነጽራቸውን አድርገው ይገባሉ፤ ክዳኑን ሁሉ በማንኪያ እጀታ ኳ ኳ እያደረጉ ጆሯቸውን ደቅነው ያዳምጣሉ። «ያበጠ ክዳን የፈንጂ ወንድም ነው» ይላሉ። አዲስ የተከደነ ጠርሙስ ሰባት ቀን ሳይሞላው ማንም እንዲነካው አይፈቅዱም። አንዴ አንዲት ክዳን «ጠቅ» ስላለችባቸው ዐሥራ አንድ ጠርሙስ ቲማቲም ጓሮ ቆፍረው ቀበሩ። በቀብሩ ላይ ከባለቤታቸው በቀር አልቃሽ አልነበረም። እሳቸውም ለአንድ ሳምንት አኮረፏቸው።

ይህን ሁሉ እየሰማች ያደገችው ልጃቸው ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋን ሳሎን መስኮት ሥር አስቀምጣ ትሠራለች። እጇ ሥራ ያውቃል፤ ሐሳቧ ግን እጇን ትቶ የሚሄድበት ጊዜ አለ። ባለፈው ዓመት ካውያ ሳትነቅል ወጥታ የደንበኛ ሙሉ ልብስ ከነጠረጴዛው አቃጠለች። የእናቷ ታናሽ ወንድም፣ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟን ትቶ «እሳቷ» ይላታል። አባቷን ደግሞ «ክቡር የጥንቃቄ ሚኒስትር» ይላቸዋል። በየእሑዱ ይመጣል፤ ሁለቱን እያፈራረቀ ይስቅባቸዋል። ጋሽ ቀስበሉ አይከፋቸውም፤ ሹመቱን እንደ እውነተኛ ነው የተቀበሉት። ልጅቱ ግን ቀኑን ሙሉ ትበሽቃለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ የሰፋችውን ቀሚስ አድርሳ በእግረኛ ድልድዩ ስትመለስ፣ ከሥር ባለው ቦረቦር ውስጥ ቁጥቋጦው ላይ የተንዠረገገ ጥቁር ፍሬ አየች። የዱር ወይን! በአንድ እጇ የዛፍ ሥር ጨብጣ ወርዳ በከረጢት ሙሉ ለቅማ መጣች።

እናቷ ከረጢቱን ሲከፍቱ ፊታቸው በራ። «እሰይ የኔ ልጅ! ማርማላታ ይወጣዋል።»

ጋሽ ቀስበሉ ከዕቃ ቤቱ ብቅ አሉ። አንድ ፍሬ አንሥተው ወደ ብርሃን ያዙት። «ቀስ በሉ እስቲ። ዘሩን አይተሻል?»

«አይቻለሁ አባዬ።»

«የሁሉንም? ወይን ዘሩ ሁለትም ሦስትም ሆኖ ድፍን ጠብታ ነው የሚመስለው። አንድ ብቻ ሆኖ እንደ ማጭድ ከተቆለመመ ወይን አይደለም። ያ የፋብሪካችን ዘበኛ…»

የዘበኛውን ታሪክ አርባ ጊዜ ሰምታዋለች። ለማታ አደርሳለሁ ያለችው ጃኬት ደግሞ ገና እጅጌው አልገባም። «አይቻለሁ አልኩህ! ጠብታ ነው የሚመስለው» አለች። አንድም ፍሬ አልከፈተችም ነበር።

ቀቀለችው፤ በስስ ጨርቅ አጠለለችው፤ ዝቃጩን ከነዘሩ ቆሻሻ ዕቃ ውስጥ ደፋችው። በጣቷ ስትቀምሰው ምላሷ ሥር የሆነ ምሬት ቀረ። ሁለት ኩባያ ስኳር ጨመረችበት። ሦስት ጠርሙስ ወጣው። አባቷ ቀኑን ጻፉበትና «ሰባት ቀን!» ብለው ላይኛው መደርደሪያ ላይ ሰቀሉት።

እናቷ ሦስት ቀን ታገሡ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ልጅቱ ጨርቅ እየቆረጠች ሳለ ኩሽና ውስጥ ወንበር ወደቀ። ስትሮጥ እናቷ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ቁም ሣጥኑን ተደግፈዋል። ግንባራቸው ላብ አጥምቆታል፤ ማንኪያው ከእጃቸው አልወጣም። የተከፈተው ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ ነው።

«እማዬ! እማዬ ምን ሆነሻል?»

«ምንም። ሆዴን ትንሽ…» አሉና አስመለሳቸው። ከዚያ እጇን ጨብጠው «ለአባትሽ እንዳትነግሪ» አሏት።

ልጅቱ ወደ ጠርሙሱ ዞረች። ያ ምሬት ምላሷ ላይ ተመልሶ መጣ። የፈሩት ይደርሳል የሚባለው ለአባቷ የተነገረ ይመስላት ነበር፤ ለካ ያልፈሩትም ይደርሳል።

አባቷ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ጩኸት ጠበቀች፤ «አላልኩም?» ጠበቀች። እሳቸው ግን ጠርሙሱን አዩ፤ ከዚያ እሷን አዩ፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው ባለቤታቸውን «ስንት ማንኪያ?» ብለው ጠየቁ። ድምፃቸው ቀጭን ነበር።

«ሦስት… አራት።»

በጎረቤት መኪና ጤና ጣቢያ አደረሷቸው። ወጣቷ ሐኪም ክንዳቸው ላይ ግሉኮስ ሰክታ፣ ደረታቸውን አዳምጣ፣ እንደገና አዳመጠች። ሁለተኛው ማዳመጥ ልጅቱን ከመጀመሪያው ይበልጥ አስፈራት።

«የልብ ምታቸው ደስ አላለኝም» አለች ሐኪሟ ኮሪደር ላይ አውጥታቸው። ይዘውላት የመጡትን ማርማላታ ወደ መስኮቱ አዘነበለችው። «ከዚህ ምንም ላውቅ አልችልም፤ ሐምራዊ ስኳር ነው። ዝቃጩ አለ?»

«ቆሻሻ ሰብሳቢዎች ትናንት ወሰዱት» አለች ልጅቱ።

«እንግዲያው ፍሬውን ከነቅጠሉ አምጡልኝ፤ ትልቁ ሆስፒታል ደውዬ የመርዝ ሐኪም አማክራለሁ። ምን እንደበሉ ሳላውቅ መድኃኒት መርጬ ብሰጥ ልጎዳቸው እችላለሁ። ፍጠኑ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ በዕድሜያቸው ጋሽ ቀስበሉን አንድ ሰው «ፍጠኑ» ሲላቸው «ቀስ» አላሉም። ሮጡ። አትክልት ለማጠጣት ቦት ጫማ የሚያጠልቁት ሰውዬ በቤት ነጠላ ጫማ እንደወጡ ልጅቱ ያየችው ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ነው።

ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። የቦረቦሩ አፋፍ ጭቃ ሆኖ ያንሸራትታል። ከታች ሐረጉ ሁሉ ተጠማጥሞ፣ የትኛው እንጨት የትኛው ሌላ ነገር እንደሆነ አይለይም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ ጋሽ ቀስበሉ ደግሞ እባብ ሳያዩም ከልጥ የሚሸሹ ሰው ናቸው። ልጅቱ ለመውረድ እግሯን ስታነሣ ተብረከረከችባት። ዓይኗ ጨለመ።

አባቷ ክንዷን ያዙ። «አንቺ እዚህ ቁሚ። እኔ ልውረድ።»

«አባዬ፣ አንተማ ትንቀጠቀጣለህ!»

«መንቀጥቀጥ ለኔ አዲስ ነው እንዴ? እየተንቀጠቀጥኩ መሥራት የለመድኩት እኔ ነኝ። ዛሬ የጀመርሽው አንቺ ነሽ። የለቀምሽበትን ብቻ አሳዪኝ።»

አሳየቻቸው። በቂጣቸው ተቀምጠው፣ ሥር እየጨበጡ፣ ጥርሳቸው እየተፋጨ ወረዱ። አንድ ነጠላ ጫማ መሀል ላይ ቀረ። አንድ ጊዜ የጨበጡት ሥር ተነቅሎ ወደ ታች ሲንሸራተቱ ልጅቱ ዓይኗን ጨፈነች። ስትከፍት ቁጥቋጦው መሀል እስከ ወገባቸው ገብተው በአውራ ጣታቸው ጥፍር ፍሬ እየሰነጠቁ ነው።

«ሦስት!» ብለው ጮኹ። «ጠብታ ነው… ይኼም ሦስት… ሁለት…»

ልቧ ትንሽ ተመለሰ።

ከዚያ ድምፃቸው ጠፋ። በጣም ቆየ። «አባዬ?» አለች።

«ሁለት ዓይነት ሐረግ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «አንዱ በሌላው ላይ ወጥቶበታል። ይኼኛው ዘሩ አንድ ነው።»

ሁለቱንም ከነቅጠሉ ቆርጠው፣ አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ ኪሳቸው ከተቱ። አፋፉ ጋ ሲደርሱ ልጅቱ በደረቷ ተኝታ እጇን ዘረጋችላቸው። ያኔ ነው የፈነዳችው።

«አባዬ፣ ዘሩን አላየሁም ነበር። ዋሽቼሃለሁ።»

«አውቃለሁ» አሉ ከታች እያለከለኩ። «አሁን ጎትቺኝ።»

ሐኪሟ ቅጠሉንም ዘሩንም አይታ ደወለች። ረጅም አወራች፤ ጻፈች፤ ነርሷን ጠርታ መርፌ አስወጋች። «እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት እንጠብቅ» አለች። ያን ጊዜ ገና ሰባት ሰዓት ነበር።

ከእነዚያ አራት ሰዓታት የሚረዝም ነገር ልጅቱ አይታ አታውቅም። እናቷ ይተኛሉ፣ ያቃስታሉ፣ ይተኛሉ። ባቃሰቱ ቁጥር እፎይ ትላለች፤ ዝም ባሉ ቁጥር ደሟ ይቀዘቅዛል። አባቷ በአንድ እግራቸው ጫማ፣ በአንዱ ጭቃ፣ ከግሉኮሱ ፊት ቆመው ጠብታውን ይቆጥራሉ። ወንበር አመጣችላቸው፤ አልተቀመጡም። በጉዞው ሁሉ ሲንቀጠቀጡ የነበሩት እጆች አሁን የአልጋውን ብረት ይዘው ጸጥ ብለዋል። ልጅቱ ያንን አይታ ከሁሉ ይበልጥ ፈራች፤ አባቷ መፍራት ሲተዉ አይታ አታውቅምና።

ዐሥር ሰዓት ተኩል ገደማ እናቷ ዓይናቸውን ገለጡ። ጣሪያውን አዩ፤ ባላቸውን ከላይ እስከ ታች አዩ። «ምን ዓይነት ጭቃ ነው? ደግሞ ያን ካሮት ዛሬ ማን አጠጣው?»

ሐኪሟ ደረታቸውን አዳመጠች። ይህን ጊዜ አንዴ ብቻ። «ዕድለኛ ናችሁ፤ አብዛኛው እውነተኛ ወይን ነው። ያኛው ጥቂት ነው የተደባለቀው። ነገ ይወጣሉ።»

ጋሽ ቀስበሉ ያኔ ወንበሩ ላይ ዘጭ አሉ። እጃቸውም መንቀጥቀጡን ጀመረ።

ወዲያው ኮሪደሩ በድምፅ ተሞላ። የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴው አጎት ከሱቁ ሲሮጥ መጥቶ ነው። እኅቱን ስሞ፣ መትረፋቸውን አረጋግጦ፣ ድንጋጤው ሲለቀው ወደ ልጅቱ ዞረ። ዘመድ ጎረቤት በሩ ላይ ቆሟል።

«እሳቷ! ማነው ይኼን መርዝ ለቅሞ ያመጣው? አንቺ ነሽ አይደል?»

የልጅቱ ከንፈር ተከፈተ። ከካውያው እሳት የባሰ ይህ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ እናቷን ልትገድል የነበረች ልትባል ነው።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ቀስበሉ።

በሩ ላይ የቆሙት አንገታቸውን አሰገጉ።

«እርስዎ?» አለ አጎትየው። «ክቡርነትዎ? እርስዎ?»

«እኔ ነኝ የለቀምኩት። ዘሩን ሳላይ። ቸኩዬ።»

አጎትየው መጀመሪያ አፉን ከፈተ፤ ቀጥሎ ሳቁ መጣ። ሆዱን ይዞ ተጎነበሰ። «ሰምታችኋል? ዕድሜ ልኩን ውኃ አትጠጡ ሲለን የኖረ ሰው! ቸኩዬ ይላል እኮ!»

«አይደለም፣ እኔ…» አለች ልጅቱ። ጭቃ የለበሰ ባዶ እግር አልጋው ሥር መጥቶ እግሯን ረገጣት። አባቷ ወደሷ አላዩም። እውነቱን የሚያውቁ አንድ ሰው ቀሩ፤ ወደ እናቷ ዞረች።

እናቷ ከትራሱ ላይ ሁለቱንም ተራ በተራ አዩ። ከዚያ በደከመ ድምፃቸው «ስንቴ ነገርኩት መሰለህ!» አሉት ወንድማቸውን። «ዘሩን እይ እንጂ አልኩት። ይሰማል እንዴ እሱ?»

ጋሽ ቀስበሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልክ ናት» አሉ።

ይኸው አጎትየው እስካሁን ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ታሪኩን ያወራል፤ ጋሽ ቀስበሉም በሠላሳ ዓመት ያፈሩትን ስም በአንድ ከሰዓት በኋላ አጥተዋል። በሰፈሩ «ቀስ በሉ» ሲሉ ልጆች እንኳ ይስቁባቸዋል። እሳቸው አንድም ቀን አልካዱም። እንዲያውም ያርሙታል፦ «ሦስት ዘለላ አይደለም፣ ከረጢት ሙሉ ነው የለቀምኩት። ስታወራ ሳታጎድል አውራ።»

ልጅቱ በእነዚያ ጊዜያት ሁሉ ከአባቷ አጠገብ ያለውን ወንበር ለማንም አትለቅም።