ጭምብል ያላጠለቀችው ዲራሙ

በከተማችን በነገሌ፣ አስተያየት እንደ አቧራው ነው፤ በር ቢዘጉበትም ይገባል። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገበያው፣ ስለ ጎረቤት ልጅ ትዳር ማንም ሳይጠይቀን እንናገራለን። ታዲያ ከተማችን የራሷን ኮሚክ፣ በሥዕል የሚተረክ መጽሔት፣ ያውም የልዕለ ኃያል ታሪክ ስታገኝ ዝም የምንል ይመስላችኋል?

ሠዓሊዋ ቱሜ ናት። በዋናው መንገድ ላይ የምታዩት የሱቅ ሰሌዳ አብዛኛው የእሷ እጅ ሥራ ነው። የፈጠረቻት ጀግና ደግሞ ዲራሙ ትባላለች፤ ትበራለች፣ ግመልም በአንድ እጇ ታነሣለች። ቱሜ የመጀመሪያውን ክፍል በራሷ ወጪ አባዝታ ስታወጣ ከተማው ለሁለት ተከፈለ አልላችሁም፤ በሰው ቁጥር ልክ ተከፈለ። አንዷ እናት የዲራሙ ቀሚስ አጠረ አሉ፤ ሌላዋ፣ ይህን የሚያህል ቀሚስ ለብሳ እንዴት ትበራለች አሉ። እኔም የአማርኛ መምህር ነኝና በፊደል ግድፈቱ ተነጫነጭሁ። ከሁሉም የከበዱት ግን ዕድሜያቸውን ከግመል ጋር ያሳለፉት ሽማግሌ ኦቦ ጅሎ ነበሩ።

"ግመል እንዲህ አትነሣም፤ አንገቷ ይሰበራል" አሏት።

"ኦቦ፣ ልጅቷ ስትበር ምንም አላሉም እኮ።"

"መብረር አላውቅም። ግመል አውቃለሁ።"



ሁለተኛው ክፍል ተሥሎ ካለቀ በኋላ አንድ አሳታሚ ከአዲስ አበባ መጣ። ቱሜ ሌላ አሳታሚ አልነበራትም። በወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ተሰብስበን እንግዳው ፊት ዲራሙን ስንቦጫጭቃት ዋልን። በመጨረሻ እሱ ተነሣ።

"ሥዕሉ ግሩም ነው" አለ። "ነገር ግን ልዕለ ኃያል ማንነቷን መደበቅ አለባት። ጭምብል አድርጊላት፤ ከተማውንም ፎቅ በፎቅ አድርጊው። ያን ጊዜ አሳትመዋለሁ።"

ቱሜ ሥዕሎቿን ከጠረጴዛው ላይ መሰብሰብ ጀመረች። "አይሆንም። የምትበረው ነገሌ ላይ ነው" አለች።

 

ኦቦ ጅሎ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ያቺን ግመል ሊያነሡብን ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን እንግዳውን "ናጋ?" ብለው በወጉ ሰላምታቸውን ካደረሱ በኋላ፣ "ትናንት ወደ ከተማው ስትገባ መኪናህ አሸዋ ውስጥ ተቀርቅራ ነበር አሉ" አሉት።

"አዎ፣ አባቴ።"

"ገፍተው ያወጡህ ሰዎች ፊታቸውን ሸፍነው ነበር?"

"ኧረ አልሸፈኑም።"

"ስማቸውንስ ደበቁህ?"

እንግዳው ፈገግ አለ። "እስከ አያታቸው ነገሩኝ። የእኔንም እስከ አያቴ ጠየቁኝ።"

"እንግዲህ እዚህ አገር ፊቱን የሚሸፍነው ከብት ሊሰርቅ የመጣ ነው። የረዳ ሰው የማን ልጅ እንደሆነ ይናገራል። ግመሏ ስሕተት ናት፤ ልጅቷ ግን ልክ ናት።"

ከዚያ በኋላ ማን ይቻለን! ሲቦጫጭቃት የዋለው ሁሉ ጠበቃዋ ሆነ። ልጅን እናት ስትቆጣና ባዳ ሲቆጣ አንድ አይደለማ። ቀሚሷ አጠረ ያሉት እናት ሳይቀሩ፣ "ፊቷን ሸፍና ማን ሊያገባት ነው?" ብለው ተነሡ። እንግዳው ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቶ፣ "ተሸንፌያለሁ፤ እንዳለች ትታተማለች" ሲል አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ቱሜ ሥዕሎቿን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማ ነበር፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ለመለየት ቸገረኝ።

መጽሔቱ ያቤሎ ደረሰ፣ ሞያሌም ደረሰ። አሁን ያቤሎዎች ዲራሙ በእናቷ የእኛ ናት ይላሉ፤ ሞያሌዎች ደግሞ በአባቷ። የእኛ ሰዎች በንዴት ጦፈው፣ የትውልድ ቦታዋ ሽፋኑ ላይ ይጻፍልን ሲሉ ቱሜን ወጥረው ያዟት።

"ይከራከሩ፤ የሚከራከሩት አንብበው ነው" አለችኝ።

እውነት ለመናገር፣ ሞያሌ ሄጄ ሲከራከሩ ከሰማኋቸው ሰዎች አብዛኞቹ መጽሔቱን ገልጠው አያውቁም። ይህን አልነገርኋትም። ያነበበ ሰው ጀግና ቢወድ ምን ይደንቃል? ያላነበበ ሰው ዘመዴ ናት ብሎ የሚጣላላት ሌላ ጀግና ካላችሁ ግን ንገሩኝ።