ሥራ የሄዱ ሕፃናት

ትናንት ሕልም አየሁ። ሕልም የሌሊት ነው የሚል ካለ ይተወኝ፤ የእኔ የመጣው ከምሳ በኋላ ነው፣ ፀሐዩ አናት በሚበሳበት ሰዓት። ክፉ ይሁን ደግ እኔም ገና አልለየሁትም፤ እናንተ ሰምታችሁ ፍረዱ።

ነገሩ እንዲገባችሁ አስቀድሜ ይህን ልንገራችሁ። ጀሞ፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ፊት ለፊት፣ በተከራየሁት ግቢ ውስጥ መዋዕለ ሕፃናት አለኝ። ድሮ ጠዋት ጠዋት ልጆቹ ሲንጫጩ ጎረቤት ሬዲዮ መስማት አይችልም ነበር። ከዚያ ኑሮው ከበደ፣ ሥራው ሁሉ ቀዘቀዘ። ወላጆች አንድ በአንድ እየመጡ፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለው፣ «ሚስ፣ ለጊዜው ነው» ይሉኝ ጀመር። ሚስ የሚሉት እኔን ነው፤ ስሜ ጥሩወርቅ ይባላል። ለጊዜው፣ ለጊዜው እየተባለ አንዲት ልጅ ብቻ ቀረችኝ፤ ሶሊያና። እሷም ከሄደች በሩን መዝጋት ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። እና በሕልሜም ያው ነው፤ ከሶሊያና በቀር ልጅ አልነበረኝም።

በሕልሜ ጠዋት ነው። የግቢውን በር ስከፍት ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ደርሷል። ጉድ በል ሰፈር! ተመለሱልኝ ብዬ እጄን ዘርግቼ ልቀበል ስል ነገሩ ሌላ ሆነ። ልጆቹ ናቸው እናትና አባቶቻቸውን እጃቸውን ይዘው ያመጡት። ልጆቹ የሥራ ቆብ አድርገዋል፣ አንዳንዱ መዶሻ ይዟል። ወላጆቹ ምሳ ዕቃ አንጠልጥለው አፍንጫቸውን በእጅጌያቸው ይጠርጋሉ። ከረባት ያሰረ፣ ጢሙ የሸበተ ሰውዬ የበሩን ብረት ሙጭጭ አድርጎ ይዞ ያለቅሳል።

«ኪያዬ፣ ትተኸኝ አትሂድ!»

«አባቢ፣ ነውር ነው፣ ሰው ያይሃል» አለው ልጁ፤ ቁመቱ ከአባቱ ጉልበት አያልፍም። «ከሥራ ስመለስ ብስኩት አመጣልሃለሁ።»

«ሙት በለኝ።»

«ልሙት።»

ከዚያ ኪያ ወደ እኔ ዞረና፣ «ሚስ፣ ምሳውን እንቢ ካለ እያባበልሽ አብይው፤ ከሰዓት ካልተኛ ይነጫነጫል» ብሎኝ ታክሲ ተሳፈረ። ታክሲውን ሾፌሩና ረዳቱ በትከሻቸው ተሸክመውት ነበር። «ነዳጅ ተሰልፈን ከምንውል ብለን ነው» አለኝ ረዳቱ፣ ምንም ሳልጠይቀው።

ልጆቹ በሙሉ ሥራ ሄዱ። ግቢዬ በትልልቅ ሰው ጢም ብሎ ሞላ። አንዱ የአንዱን ጫማ ይደብቃል፣ አንዷ ተገፋሁ ብላ ታለቅሳለች። እሰይ፣ ቤቴ ሞላ ብዬ እልል ልል ስል ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና በደጄ አለፈ። «ደወል ሲደወል አንድም ሕፃን ያልተገኘበት መዋዕለ ሕፃናት ይፈርሳል! አዋቂ አይቆጠርም!» እያለ ነው የሚለፍፈው።

ሶሊያናን ፈለግኳት። በሩ ጋ ቆማለች፤ ቦርሳዋን ጀርባዋ ላይ አድርጋ፣ ጫማዋን ግራና ቀኝ አቀያይራ።

«ሚስ፣ እኔም ሥራ ልሂድ?»

«ሥራሽ የት ነው እናቴ?»

«ገና እየፈለግኩ ነው።»

«ገና ካልተገኘማ ምን ያቻኩልሻል? ደወል እስኪደወል ተቀመጪ። ለእኔ ብለሽ።»

አሰብ አደረገችና፣ «መክሰስ ካለ እቀመጣለሁ» አለች። «ሙዝ።»

ጓዳ ውስጥ ሙዝ ቀርቶ ልጣጩም የለም። እየሮጥኩ ጉሊት ሄድኩ። ጉሊቱ ግን ሌላ ጉሊት ሆኗል። ሙዞቹ ጥላ ሥር በርጩማ ላይ ቁጭ ብለዋል፣ ሰዎቹ ማዳበሪያ ላይ ተደርድረዋል። አንድ ጎምላላ ሙዝ መጥቶ ጉንጬን ጫን ጫን አደረገኝ።

«ይቺ በስላለች፤ ለነገ አትደርስም» አለ ለጓደኛው።

«እኔ ልገዛ ነው የመጣሁት!»

«ሰው ሰሞኑን ረክሷል እናቴ፣ አትቆጪ። ምንድነው ሥራሽ?»

«አስተማሪ ነኝ።»

«አስተማሪማ በምርቃት ነው የሚሰጠው» አለና ሁሉም ሳቁ።

ደሜ ፈላ። ዞሬ ስሄድ፣ አንዲት ትንሽ ሙዝ አዘነችልኝ መሰለኝ ከበርጩማዋ ወርዳ ኮቴዋን ሳታሰማ ተከተለችኝ። እንደዚያ ነው የሶሊያና መክሰስ የተገኘው።

ግቢ ስደርስ ደግሞ ግንቡ ላይ ያሳልኳቸው እንስሳት እየወረዱ ነው። ዝሆኑ ዕቃውን በፌስታል ቋጥሮ ጨርሷል። ጥንቸሏ ቻዎ ሳትል ሄዳለች አሉ። ቀጭኔዋ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ጠበቀችኝ።

«ሚስ፣ የሥራ ልምድ ይጻፉልኝ።»

«አንቺም? የት ልትሄጂ ነው?»

«አንድ ቀለም ቤት ግድግዳ ላይ ክፍት ቦታ አለ ብለውኛል። ምን ላድርግ፣ እዚህ የሚያየኝ የለም።»

«ምን ሠርታለች ብዬ ልጻፍ?»

«ዝናብ ፀሐይ ሳትል ፈገግ ብላለች ይበሉልኝ።»

እውነቷን ነው፤ ማንም እንደሷ አላገለገለኝም። ጻፍኩላት። አለቀስኩ ደግሞ፣ አልደብቃችሁም።

እንባዬን ሳልጠርግ የግቢው ባለቤት ጋሽ መኩሪያ ገባ። ዕድሜ ልኩን «አንቺ» እያለ ከበር ጀምሮ የሚጮህብኝ ሰውዬ ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞታል።

«እሜቴ» አለኝ፣ «ኪራዩን ከእንግዲህ እኔ ልክፈልዎት። ብቻ አይልቀቁብኝ።»

«ጋሽ መኩሪያ፣ ያመዎታል?»

«ደህና ነኝ። የፈለጉትን ብር ይጥሩልኝ፣ ልጨምር።»

እውነትም ልጥራ ብዬ አፌን ስከፍት ቤቱ ራሱ ተናገረ። «እኔንስ ማን ጠየቀኝ? ልጅ ሳይንጫጫብኝ ባዶዬን መቆም ሰልችቶኛል» አለና ጭቃ እንደሚሻገር ሰው መሠረቱን ሰብሰብ አድርጎ አንድ እግሩን አነሳ። ጋሽ መኩሪያ ቆርቆሮውን ይዞ ወደ ታች እየጎተተ፣ «ተው የኔ ልጅ፣ ተው እንጂ!» ይለዋል። ትልልቆቹ ሰዎች ደስ ብሏቸው አጨበጨቡ።

«ልጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ። «ሶሊያና አለች!»

«የታለች?» አለ ቤቱ፣ እግሩን እንዳነሳ።

ዞር ብል የለችም። የሙዝ ልጣጭ ብቻ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ጓዳ አየሁ፣ ሽንት ቤት አየሁ፣ የለችም። በመጨረሻ የእኔን ቢሮ ስከፍት፣ የእኔን መነጽር አድርጋ ወንበሬ ላይ ተደላድላለች።

«ሚስ ጥሩወርቅ፣ ጥፋትሽን ታውቂያለሽ?»

«ኧረ አላውቅም።»

«ልጆቹን መያዝ አልቻልሽም። ወላጅ አምጪ።»

እናቴ ከሞተች ቆይታለች። በሕልሜ ግን ገና ቃሉ ሳያልቅ በሩን ከፍታ ገባች፤ ከእኔ በዕድሜ የምታንስ፣ ፀጉሯ ጥቁር፣ ነጠላዋን ያጣፋች። ደስታዬን ምን ብዬ ልንገራችሁ! አሁን ትከራከርልኛለች ብዬ ቀና አልኩ። እሷ ግን ለሶሊያና እጅ ነሳችና፣ «ከልጅነቷም ፈዛዛ ናት፤ ቅጡልኝ» አለች።

«እማዬ!»

«ዝም በይ፣ ትልቅ ሰው ሲናገር።»

ሶሊያና መነጽሩን ወደ አፍንጫዋ ገፋ አደረገች። «ልጆቹ የት ሄዱ?»

«የኪያ አባት ከፋብሪካ ተቀነሰ» አልኳት። «የመንትዮቹ እናት ሱቋን ዘጋች። የሌሎቹን አላውቅም፤ ከሩቅ ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ። እኔ እኮ አልተቀየምኳቸውም። ከየት ያምጡ? ልጆቹ ግን ናፍቀውኛል። በጠዋት ስነሳ ጆሮዬ ራሱ ይፈልጋቸዋል።»

እናቴ ይህን ስትሰማ ኩምሽሽ አለች። ቀረብ ብላ ፀጉሬን ዳሰሰችኝ። «ምነው ሳትነግሪኝ?» አለች። በምን ልነግራት ነበር? ውጭ ቤቱ በአንድ እግሩ ቆሞ ሲያቃስት ይሰማኛል። አንድ ሰው ደወሉን ሊመታ ብረት አንስቷል፤ በመስኮት አየዋለሁ።

«ሶሊዬ» አልኳት፣ «ትሄጃለሽ ወይስ ትቀሪያለሽ?»

መነጽሬን አወለቀች። ዓይኗ ተጨፍኖ ሊያልቅ ነው። «እንቅልፌ መጥቷል» አለችኝ።

እኔ እንደዚያ ያለ መልስ ሰምቼ አላውቅም። አቅፌ ወሰድኳት፣ ፍራሽ ላይ አስተኛኋት፣ ጀርባዋን መታ መታ አደረግኩላት። ትልልቆቹም ከረባታቸውን እየፈቱ በየፍራሹ ተጋደሙ። ቤቱ ልጅቷን እንዳይቀሰቅስ ብሎ ያነሳውን እግር ቀስ አድርጎ አወረደው። ጋሽ መኩሪያ ግንቡን ተደግፎ ማንኮራፋት ጀመረ። ሁሉም ሰላም ሆነ። ዓይኔ ከበደኝ።

«አንቺ አትተኚ» አለች እናቴ። «አንቺ ከተኛሽ ማን ይይዛታል?»

አልተኛም አልኳት፣ ተኛሁ።

«ሚስ... ሚስ ጥሩወርቅ...»

ዓይኔን ስገልጥ የልጅ ፍራሽ ላይ ነኝ፤ ግማሼ ሲሚንቶው ላይ ወጥቷል። ሶሊያና አጠገቤ ተኝታለች፣ እውነተኛዋ። በሩ ጋ እናቷ ፍሬሕይወት ቆማለች። ሆቴል ቤት እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ልጇን የምትወስደው ሁልጊዜ አመሻሽ ላይ ነው።

«ምነው፣ ደህና?» አልኳት እየተነሳሁ። «ገና ነው እኮ።»

«ሆቴሉ ቀነሰን ሚስ። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ቤት ነኝ። ልነግርዎ ፈርቼ ነው እንጂ...» የነጠላዋን ጫፍ ትጠመዝዛለች። «ከሰኞ ጀምሮ ሶሊን እኔው ልያዛት ብዬ...»

«ለጊዜው ነው» አልኳት፣ እኔው ቀድሜ። ሌላ ምን ይባላል?

አልሄደችም። «ሌላም አለ» አለች። «ቤት ከዋልሽ አይቀር ብለው ጎረቤቶች ልጆቻቸውን እኔ ጋ እየተው ሥራ ፍለጋ ይወጣሉ። ሳሎኔ ሞልቷል።»

«የማን የማን ልጆች?»

መሬት መሬት እያየች፣ «የእርስዎ ናቸው» አለች። «ሁሉም።»

ተናደድኩ። እኔ ባዶ ግቢ ስጠብቅ፣ ልጆቼ በሙሉ አስፋልቱን ተሻግሮ ኮንዶሚኒየሙ ላይ አንድ ሳሎን ውስጥ! ደግሞ ደስ አለኝ። አልተበተኑም፣ አንድ ላይ ናቸው፣ ቅርብ ናቸው። እየተናደዱ ደስ ማለት ምን እንደሚባል አላውቅም።

«አሁን ማን ጋ ትተሻቸው መጣሽ?»

«ባለቤቴ ጋ። እሱም ተቀንሷል።»

ይህን ስትል ስልኳ ጮኸ። ባሏ ነው፤ እኔ ያለሁበት ድረስ ይሰማል። «ፍሬ፣ ድረሺልኝ! አንዱ ቁም ሳጥን ላይ ወጥቶ አልወርድም አለ! አንዷ ነክሳኛለች! አንድም የሚተኛ የለም!» ከኋላው ጫጫታው አገር ያፈርሳል። ያንን ጫጫታ አውቀዋለሁ። የእያንዳንዱን ድምፅ ለይቼ አውቀዋለሁ።

«ወዲህ በይው» ብዬ ስልኩን ከእጇ ወሰድኩ። «የኔ ወንድም፣ ድምፁን ለቀቅ አድርገውና መሃላቸው ያዘው» አልኩት። ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«ልጆች!»

ጫጫታው ባንዴ ጸጥ አለ።

«አቤት ሚስ!» አሉ፣ ሁሉም ባንድ ላይ፤ ከመሃላቸው አንድ ወፍራም የወንድ ድምፅ ነበረበት።