ከምንጣፉ ጫፍ ሳያልፍ ቻናል የቀየረው የሙንዚር ዜና መዋዕል

በረቢ ስም ተጀመረ። ሙንዚር ወልደ በሺር፣ በደሴ ሆጤ ተወልዶ በኮምቦልቻ የከተመው፣ ከሶፋው ሳይነሣ ቤቱን የሚገዛው፣ ጎልማሳ በሆነበት፣ ቦርጩም በጸናበት ዓመት፣ ቀጭኑ ቴሌቪዥን በጠረጴዛው ላይ በነገሠ በሁለተኛው ዓመት፣ በረመዳን ሃያ ዘጠነኛው ቀን ምሽት የሆነው ነገር ይህ ነው።

አስቀድሞ ግን፣ በዘመነ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን፣ እናቱ እመት መርየም ለልጆቻቸው ዐይን ሰግተው እንዲህ ሲሉ አዋጅ አስነግረው ነበር፦ «ከምንጣፉ ጫፍ ያለፈ ልጅ ዐይኑ ይጠፋል! ኮረንቲም ይይዘዋል! ኮረንቲው ቢተወው እኔ አልተወውም!»

ሕፃኑ ሙንዚርም አዋጁን እንዳይሽር፣ ከመነሣትም እንዲድን፣ የመጥረጊያ እንጨት አንሥቶ፣ በጫፉም ከአባቱ ነጠላ ጫማ የቆረጠውን ላስቲክ በሲባጎ አስሮ፣ ተጋድሞ ቁልፍ የሚጫንበትን ዘንግ ሠራ፤ አባቱም አንድ እግር ጫማ ይዘው ቀሩ። ያን ጊዜ ቻናሉ አንድ ነበርና ሙንዚር ቀኑን ሙሉ ሲቀይር ይውል ነበር፤ ያው ቻናልም ተመልሶ ይመጣ ነበር።

በዚያች ምሽት እንግዲህ፣ ሚስቱ ፋኢዛ፣ የሾርባው እመቤት፣ ልጁም ሲድራ፣ የካርቱኑ ባለሥልጣን፣ እመት መርየምም፣ የሁሉ ነገር ሥጉ፣ ጨረቃ መታየት አለመታየቷን ሊሰሙ በተሰበሰቡ ጊዜ፣ ሪሞቱ ከሲድራ እጅ አምልጦ ሾርባው ውስጥ ገባ፤ በቴሌቪዥኑም አንዲት ጥንቸል ስትዘፍን ቀረች። ስልክ ይታይ ቢባል እመት መርየም እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «አምና ስልካችሁ ከአዛን ቀድሞ አስፈጥሮኛል! በስልክ ወሬ ጾሜን አልበላም!»

ያን ጊዜ ሙንዚር የልጅነት ኃይሉ ተነሥቶበት፣ የመወልወያውን እንጨት ነቅሎ፣ ከሚስቱም ጫማ ላስቲክ ቆርጦ፣ «ማንም እንዳይጠጋ! ይህ የእኔ ሙያ ነው!» ሲል አወጀ። ፋኢዛም በበኩሏ እንዲህ ስትል አወጀች፦ «ነገ ኢድ ከሆነ ጫማ ትገዛለህ! ካልሆነም፣ ወላሂ፣ ትገዛለህ!»

ጀግናውም ከምንጣፉ ጫፍ ሆኖ ወጋ፤ ሳተም። ዳግመኛ ወጋ፤ ግድግዳውን አገኘ። በሦስተኛው ቴሌቪዥኑን ራሱን አገኘውና ቴሌቪዥኑ እንደ ሰካራም ተወዛወዘ። እመት መርየም «ያረቢ!» ብለው፣ ዕድሜ ልካቸውን ልጅ የከለከሉበትን የምንጣፍ ጫፍ ዘለው፣ ቴሌቪዥኑን እንደ ሕፃን አቀፉት፤ በታቀፉበትም አውራ ጣታቸው ከሆዱ በታች አንዲት ቁልፍ አገኘና ተጫነ። ጥንቸሏ ጠፋች፤ ዜና አንባቢውም ጨረቃ ታየች፣ ኢድ ነገ ነው አለ።

ሙንዚርም ዘንጉን ከፍ አድርጎ ምስጋናውን ተቀበለ። ማን እንደ ሙንዚር! እርሱ ባይወጋ ቴሌቪዥኑ ባልተወዛወዘ፤ ባይወዛወዝ እናቱ ባልደረሱ፤ ባይደርሱ ቁልፏ ባልተነካች፤ ባትነካም ቤተ ሰቡ በኢድ ቀን በጾመ ነበርና፣ ኢዱን ያመጣ ጀግና፣ ከነዘንጉ፣ ዘመኑ ይርዘም!