የልጅቷን ፎርም ማን ይሙላ?

ቀን፦ ቅዳሜ፣ የትምህርት ምርጫ ፎርሙ ሊመለስ ሁለት ቀን ሲቀረው
ቦታ፦ ሳሎን
ሰዓት፦ ለስምንት ተጠርቶ ዘጠኝ ከሩብ ተጀመረ

የተገኙ፦ አባት (ሰብሳቢ)፣ ታላቅ አጎት (ጡረተኛ የመዝገብ ቤት ኃላፊ)፣ አክስት (የባንክ ሠራተኛ)፣ እናት (ከኩሽና ሆነው)፣ መንታ ወንድም።
ጸሐፊ፦ ፎርሙ የሚሞላላት ልጅ። «የሴት ልጅ ጽሑፍ ያምራል» ተብሎ በሙሉ ድምፅ ተመርጣለች፤ እሷ ግን ድምፅ የላትም።

ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ያለፈው ቃለ ጉባኤ በቤቱ ልማድ ሳይነበብ ጸደቀ። አጎት፣ ፎርሙ በቃለ ጉባኤው መሠረት እንዲሞላ አሳስበው፣ «የተፈረመ ቃለ ጉባኤ ንጉሥም አይሽረው» አሉ።

አጀንዳ 1፦ ልጅቷ ምን ትማር?
ልጅቷ ፎርሙ ላይ «ኤሌክትሪክ ምህንድስና» ብላ በእርሳስ መጻፏን ሰብሳቢው በሐዘን ገለጹ። አጎት፣ ሴት ልጅ ምሰሶ ላይ ስትወጣ ጎረቤት ምን ይላል ሲሉ ጠየቁ። እናት ከኩሽና፣ «የኤሌክትሪክ ምድጃውን ማን ጠግኖት ነው ጋሼ ምሳ የበሉት?» አሉ። አስተያየቱ ከስብሰባው ክፍል ውጭ ስለተሰጠ እንዳልተመዘገበ ተመዝግቧል።

አክስት፣ ያሠለጠኗቸው ሦስት ወንዶች ዛሬ አለቆቻቸው መሆናቸውን፣ ደመወዛቸውም እንደሚበልጥ አስረዱ። አጎት፣ «አየሽ! ታዲያ ልጅቷ ምን አደከማት?» አሉ። ቀጥሎ አክስት የመለሱት ለአሥር ደቂቃ ተሰማ እንጂ ሊጻፍ አልቻለም።

ከረጅም ውይይት በኋላ ልጅቷ የጽሕፈት ሙያ እንድትማር ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ወንድሟስ?
በሒሳብ እሷ 97፣ እሱ 38 ማምጣታቸው ተነበበ። ስለዚህ ምህንድስናው ለእሱ ተሰጠ። ወንድም፣ «እኔ እኮ አምፖል መቀየር እፈራለሁ! ልብስ ስፌት ነው የምፈልገው» አለ። ፍርሃቱ ዲግሪውን ሲይዝ እንደሚለቀው ተገልጾ ታለፈ።

(ከዚህ በታች በደቃቁ የተጻፉ ሁለት መስመሮች አሉ።)

በገጹ ጀርባ፣ ከፊርማ በኋላ የተጻፈ፦
አጎት መነጽራቸው ላይ ተቀምጠው ስለነበር በእጃቸው ዳስሰው ፈረሙ። አባት፣ «የልጄ ጽሑፍ ምኑ ይነበባል፣ ያምራል!» ብለው ፈረሙ። አክስት በኩርፊያ ፈረሙ። እናት እጃቸውን አድርቀው መጡ፤ እስከ ደቃቁ መስመር ድረስ አነበቡ፤ ጸሐፊዋን ቀና ብለው አዩ፤ «እስኪ ብዕሩን» አሉ።

ስብሰባው 10፡40 ላይ ተበተነ። እናት ያነበቡት ደቃቅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦

«ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ልጅቷ ኤሌክትሪክ ምህንድስና፣ ወንድሟ ልብስ ስፌት ይማራሉ። ጸሐፊዋ የጽሕፈት ሥልጠና እንደማያስፈልጋት ይህ ቃለ ጉባኤ ምስክር ነው።»