ግፊታቸው እንዳይወርድ የሚፈልጉት ሰው

ደም ብዛቱ ሲወርድ የሚከፋው በሽተኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ንፋስ መውጫ ከተማ፣ ጤና ጣቢያ ወረፋ ስጠብቅ አንድ አጋጥሞኛል። አቶ ሞላ ይባላሉ፤ ስኳርም ደም ብዛትም ያለባቸው፣ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ ገበሬ ናቸው።

ነርሷ የደም ግፊታቸውን ለክታ፣ የምርመራ ውጤታቸውንም አይታ ደነገጠች። «አባባ፣ ኪኒኑን አልዋጡም ማለት ነው? ግፊቱን ብቻ እኮ አይደለም፣ ኩላሊትዎንም የሚጠብቅልዎ እሱ ነው። የኩላሊትዎ ደም ሥር መጎዳት ጀምሯል። በሳምንት ይመለሱ!»

አቶ ሞላ ፊታቸው በርቶ ወጡ። ኩላሊቱ መጎዳቱን ሰምቶ ፈገግ የሚል ሰው ምን ይባላል? ተከትዬ ጠየቅኋቸው።

«ስውጠው ይወርዳል» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሲወርድ በሦስት ወር ይቀጥሩኛል። ከፍ ሲል ግን ልጅቱ በየሳምንቱ እጄን ይዛ እንዴት ሰነበቱ ትለኛለች። ቤቴ ማን ይለኛል?»

«ኪኒኑን ይዋጡ፤ እሑድ እሑድ እኔ እየመጣሁ እጠይቅዎታለሁ» አልኳቸው።

እሺ አሉኝ፤ ቃላቸውንም ጠበቁ፤ ግፊታቸውም ወረደ። የተጎዳው ኩላሊት ግን እንደ ድሮው አልሆነም። በየእሑዱ እሄዳለሁ፤ ለእሳቸው ብዬ የምደክም እየመሰላቸው ይመርቁኛል። እኔም ከእሳቸው በቀር የሚያናግረኝ ሰው እንደሌለኝ እስካሁን አልነገርኳቸውም።