ተጣልተን አናውቅም

ምሁር የማያጠናው ነገር የለም። የምስጥን ኑሮ ያጠናል፤ ያጥና፣ ምስጥ ገመናዬ ወጣ ብሎ ሲያፍር አላየሁም። እኔን የሚገርመኝ ባልና ሚስትን የሚያጠናው ነው። እስቲ አስቡት፤ ወገባችንን እየቆረጠን እንኳ "እንደምን ዋላችሁ?" ስንባል "እግዚአብሔር ይመስገን" የምንል ሰዎች፣ በር አንኳኩቶ ለመጣ እንግዳ የትዳራችንን ጓዳ ልንዘረግፍለት ነው?

ሚሊኒየሙ በገባ ሰሞን ነው። እኔና ባለቤቴ ብዙነሽ ከተኳረፍን ሦስት ሳምንት አልፎናል። ጥፋቱ የአፌ ነው። ሲ.ኤም.ሲ እህቷ ቤት ተጋብዘን፣ "እንዲህ ያለ ሽሮ በልቼ አላውቅም!" ብዬ እርፍ። ያውም በሰው ፊት። ከዚያች ቀን ወዲህ ብዙነሽ አንድ ቃል አልተነፈሰችልኝም። ምሳ መድረሱን የማውቀው ሰሃኑ ጠረጴዛው ላይ ሲጮህ ነው። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ተቀመጠ፤ በልተው፣ ጠጥተው፣ መርቀው ሄዱ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ናፈቀችኝ። አንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ መናፈቅ እንዴት ያለ ቅጣት መሰላችሁ!

በዚህ መሃል አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የፈረንሳይ ለጋሲዮንን ዳገት እያለከለከች ወጥታ በራችንን አንኳኳች። የጥናቷ ርእስ "በትዳር ውስጥ የመነጋገር ባህል" ነው። ከሰፈሩ ቤት ሁሉ የእኛን መረጠች።

ብዙነሽ ፈገግታዋን እንደ ክት ልብስ አውጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ጋሼ፣ ከባለቤትዎ ጋር በቀን ምን ያህል ትነጋገራላችሁ?" አለች ልጅቷ።

"ኧረ እሱማ!" ብላ ቀደመችኝ ብዙነሽ። "ከእኔ ጋር ካላወራ እህል አይወርድለትም።"

"ስትጣሉስ?"

"ተጣልተን አናውቅም!" አልን፣ ሁለታችንም እኩል።

ከዚያማ ማን ይቻለን! ውሸቱን እየተቀባበልን አስጌጥነው። እሷ እኔን ሳታማክር ከሾላ ጎመን እንኳ እንደማትገዛ ተናገረች። እኔም ማታ ማታ እግሯን እንደማጥባት ጨመርኩ። ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ብዙነሽ ጎኔን ጎሸም አደረገችኝ። ልጅቷ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ጻፈች።

"ለእኔም እንዲህ ያለ ትዳር ይስጠኝ" ብላ ተሰናበተችን።

በሩ ተዘጋ። ያ ዝምታ ተመልሶ ሲመጣ ልቤ ፈራ። ብዙነሽ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰች፤ ወደ ጓዳ አመራች፤ ደፉ ላይ ስትደርስ ዞር አለች።

"የማንን እግር ነው የምታጥበው? ውሸታም!"

እኔን! ፊት ለፊት! በስሜ ባይሆን በስድብም ቢሆን እኔን ነው ያናገረችው። እኔ ሳቅሁ፣ እሷም ልትቆጣ ሞክራ አቃታት፤ ግድግዳ ተደግፈን እስክናለቅስ ሳቅን። ከዚያ ሄጄ ውሃ ጣድኩ።

ስለዚህ የልጅቷ ጥናት ውሸት ነው የምትሉ ተሳስታችኋል። ግማሽ ሰዓት ቀደመ እንጂ።